የአባቴ ጣትና የእኔ ካርታ

ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ለአየር ትንበያ የሚሆን የመሬት መረጃ በሚያዘጋጅ ቢሮ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሲያወሩት ይከብዳል እንጂ ቀላል ነው፤ የት ቦታ ምን ያህል ቅጠል እንዳለ ለኮምፒውተሩ መንገር። ቅጠል ባለበት መሬት ውሃው እየተነነ የፀሐይዋን ጉልበት ይወስድባታል። ሣሩ ከደረቀ ግን ሙቀቱ በሙሉ ወደ አየሩ ይወጣል። እኛ የምንልከው ካርታ ደግሞ የዚያን ዓመት ሣር ሳይሆን የብዙ ዓመታትን አማካይ የሚያሳይ ነበር።

እዚያ በጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያን በጋ ዝናብ ጠፍቶ የቢሮው ደጅ ገለባ ሆነ። በየጠዋቱ ገለባውን እየረገጥኩ ገብቼ ለምለም አድርጌ እልከዋለሁ። ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር። ለአለቃዬ ልናገር ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቴም ተቀመጥኩ፤ ኮንትራቴ ሊታደስ ነበርና ፈራሁ።

አባቴ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ፣ ከአፓርታማቸው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ጎመንና ቲማቲም ይተክላሉ። እርጥበቱን የሚለኩት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው ነው። በፍልሰታ ጾም የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ የሚያስተናግዱትም እሳቸው ናቸው፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ ውሃ አይቀምሱም። ከጾሙ ቀናት በአንዱ ዋዜማ ደወሉልኝ።

«ጣቴ እስከ ሥሩ ገብቶ እርጥብ አላገኘም። ነገ ያቃጥላል። ፓርኪንጉን ለወጣቶቹ ልተውላቸው ይሆን?»

«አባባ፣ እኔ ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ሙቀቱ ከሰማንያ ስምንት ፋራናይት አያልፍም። ይሂዱ፣ ምንም አይሆኑም።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ።

ቁጥሩ የወጣው ከዚያው ካርታ መሆኑን እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኳቸው። የተማርኩት እኔ ሆኜ ሳለ በጣት መበለጥ ከበደኝ። ዛሬም ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

በማግስቱ ዘጠና ስድስት ደረሰ። አባቴ እኩለ ቀን ላይ፣ ለአንድ ቫን ቦታ እያሳዩ ሳሉ አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ኩላሊታቸው ተጎድቶ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ።

ለአለቃዬ የነገርኩት በዚያው ሳምንት ነው። «ልክ ነሽ፣ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የሰንበቴ ማኅበሩ ሴቶች ሊጠይቋቸው ሲመጡ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዷ እኔን እያየች፣ «አባባ፣ የአየሩን ነገር የምታውቅ ልጅ እያለችልዎ እንዴት ወጡ?» አለቻቸው።

«ነግራኛለች» አሉ አባቴ። «አይሂዱ ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከእንግዲህ ልጅዎን ይስሙ ብለውም መከሯቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። «ይሂዱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ቀና ብዬ ሳላያቸው ብርጭቋቸው ላይ ውሃ ጨመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ሲሰኩ አይቼ አላውቅም። ከመውጣታቸው በፊት ግን በየጠዋቱ ይደውሉልኛል።

«ዛሬስ እንዴት ነው ልጄ? ልውጣ?»