አባቴ የጠየቁኝ ቃል

የዚያን ክረምት ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ተራውን እንግሊዝኛ አውቀዋለሁ፤ መካነ ሰላም ከተማ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ያስቸገረኝ ከባድ ከባዱ ቃል ነበር፤ ከሰው አፍ የማይሰማ፣ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ። በስልክ ላጥና ብል ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት እያወጣሁ በካርቶን ቁራጭ ላይ እጽፍና በኪሴ ይዤ እዞር ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የወላጆቼ ቤት እሄዳለሁ። አባቴ ገበሬ ነበሩ። ትምህርታቸው ፊደልና ዳዊት ነው፤ ካርቶኖቼን ግን ወደዷቸው። ገብስ ሲያርሙ አጠገባቸው ስደርስ ቀና ይሉና፣

“ዛሬስ ምን ይዘሻል?” ይሉኛል።

“ሪዚሊየንት።”

“ምን ማለት ናት?”

“ቢጎዳም፣ ቢወድቅም መልሶ የሚነሳ።”

ትንሽ አሰቡ። “ሰርዶ በያታ! በሬ ቢረግጠው፣ ማረሻ ቢገለብጠው፣ ዝናብ ሲያገኝ ብቅ ነው።”

ያቺን ቃል ከዚያ በኋላ ረስቻት አላውቅም። በገበያ ቀን ደግሞ ከጓደኞቻቸው መሐል ሆነው ይጠሩኝና “እስቲ አንዷን ከባዷን በያት” ይሉኛል። እላታለሁ። ለማንም አትገባም፤ ሁሉም ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም፤ ዙሪያቸውን እያዩ ፊታቸው ይበራል።

ሐምሌ ላይ ምግብ እምቢ አላቸው። ጨጓራ ነው ብለን ተልባ እያጠጣናቸው ቆየን። ሰውነታቸው አለቀ። መካነ ሰላም ያያቸው ሐኪም ደሴ ውሰዷቸው አለን። አውቶብሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ሄዱ፤ ክብደታቸው የሕፃን ያህል ነበር።

ደሴ ሆስፒታል አስተኟቸው። ምርመራው ካለቀ በኋላ አንድ ጠዋት የዚያ ሐኪም የሕክምና ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና አልጋቸውን ከበቡ። በእንግሊዝኛ ነበር የሚነጋገሩት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። በሽታው ተሰራጭቷል አሉ። ቀዶ ጥገና አይጠቅማቸውም አሉ። ከዚያ “ፓሊየቲቭ” አሉ፤ ደጋግመው አሉ። ለፈተናው ካጠናኋቸው ቃላት አንዷ ነበረች። በሽታው አልድን ሲል፣ ስቃዩን ብቻ ለማቅለል የሚደረግ እንክብካቤ ማለት ናት።

ሐኪሙ ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ “አይዞዎት አባት፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጥዎታለን” አላቸው። እኔን “በኋላ ቢሮ ነይ” አለኝና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አባቴ ሐኪሞቹ እስኪርቁ ጠበቁ።

“አንዷን ቃል ደጋገሟት” አሉኝ። “ፓሊ... ፓሊ ምን? መቼም አንቺ አታጪያትም።”

“ፓሊየቲቭ።”

“ምን ማለት ናት?”

ስለ ቃል ጠይቀውኝ ዋሽቻቸው አላውቅም።

“ሕመም ማስታገስ ማለት ናት፣ አባባ።”

ወደ መስኮቱ ዞሩ። “ማስታገስ” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። “ማዳን አላልሽም።”

“አላልኩም” አልኩና እንባዬ መጣ።

“አብሽሪ፣ ልጄ።” እጄን ፈልገው ያዙኝ። “ከሌላ ሰው ከምሰማው ካንቺ መስማቴ ይሻላል። በይ አሁን ሐኪሙን አነጋግሪና ልብሴን አምጪልኝ። አገሬ ልግባ።”

ቤት ስንደርስ እናቴ የአጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። “ምን አሉ?” ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። አባቴ ቀደሙኝ።

“አልቻሉኝም። ቤቴ ልሙት ብዬ መጣሁ።”

እናቴ አልጮኸችም። እዚያው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ ቃል ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ካርቶን ይዤ አልገባም። መድኃኒቱን ከከተማ እያመላለስኩ እሰጣቸዋለሁ፤ ሲያስታግስላቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዎቹ እናወራለን፤ ሲብስባቸው እግራቸውን አሻለሁ። ገብሱ ሳይታጨድ አረፉ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው “ምን ነበር ያመማቸው?” ይለኛል። በእንግሊዝኛ ስሙን ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ። እኛ አገር ግን እንዲህ ያለውን “ክፉ በሽታ” ነው የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው አልኩ።

ፈተናው በዚያው ሰሞን አለፈኝ። በዓመቱ አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ። ለእናቴ ልነግራት ስገባ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች።

“አለፍኩ፣ እማ።”

ብድግ ብላ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ድምፁ ግን አልወጣም። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና “ምነው አባትሽ በሰሙት” ብላ አለቀሰች። ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። እኔም አቀፍኳት፤ እዚያው ቆምን።