ተረከዝ የሚበላው ማርሽ

ወልቂጤ በነበርኩበት ጊዜ ሞተረኛ ሰው በጫማው ይታወቅ ነበር። መስሪያ ቤታችን ውስጥ ሞተር የሚነዳው ሁሉ የግራ ጫማው ጣቱ ላይ የተላጠ ነው። ማርሹን ከሥር ወደ ላይ በጣታቸው ሲያነሱት፣ ሲያነሱት ቆዳውን ይበላዋል። ሊስትሮ ፊት ተቀምጠው ያቺን የተላጠች ቦታ እንደ ማዕረግ ወደ ፊት ዘርግተው ሲያስጠርጉ እያየሁ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። የእኔ የግራ ጫማ ቆዳ ምንም አልሆነም፣ እንደተገዛ ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የተቀጠርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው የዞኑ መስሪያ ቤቶች ወልቂጤ ላይ መሰባሰብ ሲጀምሩ ነው። ያደግኩት ግን ቡታጅራ ነው፤ አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከሚሄድ ጋሪ ላይ ዘልዬ ስወርድ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረልኝ፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሬ ወደ ታች ይጫናል እንጂ ጣቴ ወደ ላይ አልነሳ አለ። ስሄድ ትንሽ ይጎተታል። "እግርሽን አንሺ!" የሚለውን ከእናቴ፣ ከአስተማሪዎቼ፣ ከማላውቀው መንገደኛ ሳይቀር ስሰማ ኖርኩ። ብችል መቼ አስቸገርኳችሁ!

እነዚያ ቀጫጭን የገጠር ሞተሮች ላይ አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተረግጦ ይገባል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ወደ ላይ ተነስተው ነው የሚገቡት። እኔ አንደኛውን አስገብቼ እዚያው ላይ እቀራለሁ። ሞተሯ በአንደኛ ማርሽ እሪ እያለች ከተማውን ስዞር ጫት ሻጮቹ ሳያዩኝ በድምፄ ያውቁኝ ነበር። አንድ ቀን ንዴቴ ቢብስ ጎንበስ ብዬ ማርሹን በእጄ ላነሳ ሞከርኩ። ሞተሯም እኔም ጭቃ ውስጥ ተዘረርን። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የስምሪት ሠራተኛ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"እህትዓለም፣ ማርሽ በእግር ነው እኮ!" አለኝ።

ይህ ሰው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መስሪያ ቤቱ ውስጥ ማን በየትኛው ሞተር የት እንደሚወጣ የሚመድበው እሱ ነበር። ከእሱ የተላጠ ጫማ ያለው ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም። ያቺን ቀልዱን ሻይ ቤት ሁሉ አዳረሳት።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። "የአባ ሰንጋ ክትባት ዘመቻ መስከረም ላይ ይጀመራል። ገጠር የሚወጣ ሰው ሞተር መንዳት አለበት። እስከዚያ ካልቻልሽ ዕቃ ግምጃ ቤት እንመድብሻለን።"

ዕቃ ግምጃ ቤት! እኔ የላም ትንፋሽ እጄ ላይ ካልተሰማኝ ቀኑን የዋልኩበት የማይመስለኝ ሴት፣ መጥረጊያና ወረቀት ሳስረክብ ልኖር? "እሺ" ብዬ ወጣሁና ምሳዬን ይዤ ጓሮ ገባሁ፣ ማልቀሴን ሰው እንዳያይብኝ።

ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ አንድ ትልቅ ሞተር ሸራ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። አንድ ፈረንጅ ለራሱ አስመጥቶት፣ ሥራው አልቆ ሲሄድ ለመስሪያ ቤቱ የተወው ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለና ሰፊ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ የተዘረጋ፣ እግር የሚያርፍበትም ቀጭን ብረት ሳይሆን ሰፊ ሰሌዳ ነው። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሞክረው ትተውታል። "ሰይጣን አለበት፣ እየሄድክ ማርሹ በራሱ ይቀየራል" ይሉ ነበር። እኔ ሸራውን ገልጬ ተቀመጥኩበት፤ ከድንጋይ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እንባዬን እየጠረግሁ ምሳዬን ስበላ የግራ ተረከዜ አንድ ነገር ተጫነ። ቀጭ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የዚህ ሞተር ማርሽ ሁለት ጫፍ ነበረው፤ አንዱ ከጣት ሥር፣ አንዱ ከተረከዝ ሥር። የፊተኛውን በጣት ሲጫኑት ማርሹ ይወርዳል፤ የኋለኛውን በተረከዝ ሲጫኑት ይወጣል። የሚነሳ ነገር የለም፣ ሁሉም መጫን ነው! ወንዶቹ የኋለኛውን የእግር ማሳረፊያ መስሏቸው ተረከዛቸውን ሲጥሉበት ነው ለካ ሰይጣኑ የሚመጣው። ምሳዬን ጥዬ ብቻዬን እልል አልኩ።

የግቢው ዘበኛ፣ የመስቃን ሰው የሆኑ ሽማግሌ፣ ደንግጠው መጡ። "ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"አባባ፣ እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ምኑም ሳይገባቸው። ሲገባቸው ግን ከእኔ ብሰው ተገኙ። ባትሪውን አስሞልተው፣ የሸረሪት ድሩን ጠርገው፣ ኃላፊውንም አስፈቅደው ቁልፉን አመጡልኝ። ከሥራ በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ ተለማመድኩ። ከባድ ነው፣ አዎ፤ ቢወድቅብኝ ብቻዬን አላነሳውም። ግን መቀመጫው ዝቅ ስላለ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይደርሳሉ። ደግሞ እንደነዚያ ትንንሾቹ በየርምጃው ማርሽ ቀይሩልኝ አይልም። ሁለተኛ ላይ ካስገቡት ዱብ ዱብ እያለ ሁሉን ይጎትታል።

ጉዱ የመጣው በዚሁ ዱብ ዱብታ ነው። የስምሪቱ ሠራተኛ ድምፁን ሰማና ልቡ ተነሳ። ኃላፊው ዘንድ ገብቶ "ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያ የኋላው ብረት ብቻ ነው የሚያስቸግረው። አስቆርጬው እኔ ልያዘው" ይላል። እሳቸውም ያ ብረት ለእኔ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እሺ ይላሉ። እኔ ከበሽተኛ ጥጃ ጋር ስታገል ዘበኛው እያለከለኩ ደረሱ።

"ልጄ፣ ሞተሩን ብየዳ ቤት ወስደውታል! ተረከዙን ሊቆርጡት ነው፣ ወላሂ!"

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ መጋዙ ብረቱን ነክሶታል። ኃላፊው ቆመው ያያሉ፣ የስምሪቱ ሰው ሞተሩን ደግፎ ይዟል። የግራ እግሬን ከመጋዙ ሥር፣ ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። በያጁ እጁን ሰበሰበ።

"ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኩ። "ይሄ ብረት ከተቆረጠ እኔም ግምጃ ቤት ገባሁ ማለት ነው።"

"ምን ነካሽ?" አለ የስምሪቱ ሰው። "ማርሽ በጣት ነው። የትም አገር በጣት ነው!"

"አንተ ጣት አለህ፣ እኔ ተረከዝ አለኝ። ጌታዬ" አልኩ ወደ ኃላፊው ዞሬ፣ "ለጉንችሬ ገበያ ክትባቱን በዚህ ሞተር ልውሰደው። ካላደረስኩ ይቆረጥ፤ ግምጃ ቤቱንም ራሴ ሄጄ እከፍተዋለሁ።"

ኃላፊው እግሬን አዩ፣ ሞተሩን አዩ። "እሺ፣ እናያለን" አሉ። የስምሪቱ ሰው ሳቀ፤ መርፌዎቹን ይዞ በራሱ ሞተር እንደሚከተለኝ ተናገረ፣ "ስትወድቂ የሚያነሳሽ ሰው ያስፈልጋል" እያለ።

በገበያው ቀን የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ተነሳሁ። ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። እስከ አታት ድረስ መንገዱ ደህና ነበር፤ እሱ ወደ ፊት እየበረረ፣ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ እየሳቀብኝ ሄድን። ከዚያ ዳገቱ ላይ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር አቡክቶት ጠበቀን። እሱ ቀድሞ ገባበት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ተመልሶ አንደኛ። ጭቃው ጫማው ላይ ተቆልሎ ጣቱ ከማርሹ ሥር አልገባ አለው። ሲገባም አንሸራተተው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ቀረ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሰውዬውን ቦይ ውስጥ አስቀመጠው።

እኔ ዳገቱ ሥር ደርሻለሁ። ተረከዜን ጫንኩ፤ ቀጭ፣ ሁለተኛ ገባ። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ያ የተሰደበ ሞተር ዱብ ዱብ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ጭቃውን እየረገጠ ወጣ። በሰውዬው ጎን ሳልፍ ዝም ብዬ ላልፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

"ወንድምዓለም!" ብዬ ጮህኩ፣ "ማርሽ በእግር ነው እኮ!"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳገቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ ስወጣ ሦስተኛ፣ ቀጥሎ አራተኛ። ንፋሱ ሻሼን ወሰደው፤ ይውሰደው! ጉንችሬ ስገባ ከብቶቹ ገበያው ዳር ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ሳጥኑን ስከፍት በረዶው አልቀለጠም። ከጤና ጣቢያው መርፌ ተውሼ ጀመርኩ።

ኃላፊው በመኪና ሲደርሱ የስምሪቱ ሰው አብሯቸው ነበር፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ጭቃ። እኔ አንድ ወይፈን አንገት ላይ እጄን አሳርፌ ነበር።

"የዚህ ሞተር ቁልፍ ማን ጋ ይሁን?" አሉ ኃላፊው።

እኔ አፌን ሳልከፍት የስምሪቱ ሰው መለሰ። "እሷ ጋ ይሁን" አለ፣ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ። "ብረቱም ይቅር፣ አይቆረጥ።" ያኔ ይቅር አልኩት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ገጠሩን ሁሉ በዚያ ሞተር አዳረስኩት። ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ጫማዬን ወልቂጤ ገበያ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩ። ሰውየው የግራውን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ታኮው በአንድ በኩል ብቻ አልቋል" አለኝ። "እህቴ፣ እግርሽን ትጎትቻለሽ መሰለኝ። አንሺው እንጂ!"

ጫማውን ከእጁ ነጥቄ ያንን የተበላ ታኮ ወደ ብርሃን አዞርኩት። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

"የምን መጎተት!" አልኩት። "ማርሽ ቀይሬበት ነው። ቀለም ቀባልኝ፣ ታኮውን ግን እንዳትነካብኝ።"