ከመዝገብ የቀሩት አባቴ

ባሕር ዳር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከመናኸሪያ የተነሣሁት በንዴት ነው። ፎገራን ጎርፍ ከመታው ወዲህ መንግሥት ለተጎዱ ገበሬዎች ገንዘብ ሊሰጥ ሲመዘግብ የአባቴ ስም ቀረ። አንዱ በሬያቸው ሞቶ፣ የሩዝ ጎተራቸውን ውሃ በልቶት! ቅሬታ የሚሰማው ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው። ምትክ በሬ ካልገዙ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እኔ ዘንድ ከተማ መግባታቸው ነው። አባቴን ከማሳቸው ነጥሎ ማን ያኖራቸዋል?

ለሚኒባሱ ሁለት መቶ ብር ከፈልሁ። ሐሙሲት ላይ አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። አንደኛዋ እስከ ወረታ ድረስ እጅጌዬን ስትነቁረው ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም በረድ አለ።

ወረታ፣ ሦስት ሰዓት

ከመገንጠያው ባጃጅ ያዝሁ። ጭቃው ሲበረታ ሹፌሩ «እህቴ፣ ከዚህ ወዲያ በእግርሽ ነው» ብሎ አወረደኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድሁ። ውሃው ሸሽቷል፤ የሩዙ ማሳ ግን ደለል ለብሷል። በአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበት መስመር ከወገቤ በላይ ነው።

አባቴ የቀራቸውን አንድ በሬ ሣር ሲያበሉ አገኘኋቸው።

«መዝጋቢዎቹ ሲመጡ እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? እንግዶች ናቸው፤ አስቀመጥኋቸው፤ የሩዝ እንጀራ በእርጎ አቀረብሁላቸው። ‹እንዴት ነዎት፣ የደረሰብዎት ጉዳት አለ?› አሉኝ። ‹እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ› አልኋቸው።»

«ጉዳት የለም ብለው ጻፉታ!»

«እና ማዕዴ ላይ ለተቀመጠ እንግዳ እዬዬ ልበል?»

እንዲህ ናቸው። በእኛ ቤት እንግዳ ይበላል እንጂ ብሶት አይሰማም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ እየጎተትሁ ወሰድኋቸው።

ቀበሌው፣ ስድስት ሰዓት

ሕዝቡ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ ነገራችንን ሰምቶ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ።

«የመጣው ገንዘብ ልኩ የታወቀ ነው። እኒህ ሰው ከገቡ የሁላችሁም ድርሻ ይቀንሳል። ምስክር የሚሆን አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አባቴ ነጠላዬን ያዝ አድርገው «ተይው ልጄ፣ ሰው አናስቀይም» አሉኝ።

ያኔ ጎረቤታችን ጥሩዬ ተነሣች። ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

«የጋሼን በሬ ሬሳ ከአጥሬ ላይ በገመድ የጎተትሁት እኔ ነኝ። ከኔ ይቀነስና ይጻፉ።»

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ «ጎተራው ሲናድ አይቻለሁ፤ ከኔም ይቀነስ» አሉ። ከዚያ ማን እንደተነሣ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። «እስቲ ጋሼ፣ ከራስዎ አንደበት እንስማው።»

አባቴ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«በሬዬ ሞተብኝ። ጎተራዬን ውሃ በላው። ተጎድቻለሁ» አሉ። ስማቸው ተጻፈ። ገንዘቡ ሙሉ በሬ አይገዛም። ጥሩዬ ግን አንድ በሬ አላት፤ ለዘንድሮ ከአባቴ በሬ ጋር ሊያቀናጁ ተስማሙ።

ባሕር ዳር፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት

ቤቴ ገብቼ እግሬን እየታጠብሁ፣ ጎረቤት ያለው ሰው አይጎዳም ብዬ እዚህ ልጽፍ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል። አባቴ ተጎድተዋል፤ ዛሬ በገዛ አፋቸው አሉት። እናቴን የቀበሩ ቀን እንኳ «ደኅና ነኝ» ነበር ያሉኝ።