ባቡኒጅ ለማትተኛው እህቴ

በጥቅምት ወር ማለዳ ከጎንደር የተነሣሁት ታላቅ እህቴን ዘይነባን ላስተኛ ነው። ባለቤቷ ጋሽ አደም ከሱዳን ገዳሪፍ ደውለው፣ «እህትህ እንቅልፍ ካጣች ሁለት ወር ሆናት፤ ሰውነቷ አለቀ፤ ድረስላት» ብለውኛል። መንገድ ከሚሠሩ ቻይናዎች ጋር ሳስተረጉም ከሐኪማቸው የመርፌና የቅጠል ሕክምና ተምሬአለሁ።

አውቶቡሱ ሸኸዲ ቆሞ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ቆላ ነው፤ መስኮቱን ቢከፍቱት ትኩስ ነፋስ፣ ቢዘጉት ላብ። ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው ቆሟል። ከመተማ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ የሱዳኗ ገላባት ስገባ ፈታሹ መርፌዎቼን አገላብጦ፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ልብስ ሰፊ ነህ?» አለኝ።

«የምወጋው ሰው ነው።»

ሳቀና አሳለፈኝ።

ገዳሪፍ

ጋሽ አደም ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። እህቴን ሳያት ደነገጥሁ፤ ዐይኗ ጎድጉዷል። ምላሷ ጫፉ ላይ ቀልቷል፤ የደም ሥሯ ይሮጣል። አስተማሪዬ ይህን የልብ ሙቀት ይለዋል፤ መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ ነው። እሱ ለዚህ የሚሰጠው የቻይና ሥር እዚህ የለም። በጋሽ አደም ሱቅ ግን ባቡኒጅ ሞልቷል፤ ፈረንጆች ካሞሚል የሚሉት፣ መሐሉ ቢጫ የሆነ ደቃቅ የደረቀ አበባ። የቻይና ባይሆንም በቻይናዎቹ ሚዛን ቀዝቃዛና የሚያረጋጋ ስለሆነ ለእሷ ይሆናል አልሁ።

አፍልቼ ሳቀርብ ጋሽ አደም የተወቀጠ ዝንጅብል ይዘው መጡ።

«ዝንጅብል ይቅር» አልኋቸው።

«እንዴት ይቀራል? ለበሽተኛ ባዶ ውሃ ልንሰጥ?»

«ዝንጅብል ያሞቃል፤ እሷ ደግሞ የምትነደው በሙቀት ነው። እርስዎ ሆድዎን ከበረደዎ በዝንጅብል ይጠጡት።»

ጠጡ። በማግስቱ ሆዴ ቀለለኝ ብለው መረቁኝ። ጉድ እኮ ነው! ያልመጣሁላቸው ሰውዬ ዳኑ፣ የመጣሁላት እህቴ ዐይኗን ሳትከድን አነጋች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወደ ጓሮ ስወጣ ባቡኒጁን እዚያ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ስትደፋው ያዝኋት።

«እትዬ፣ ምን መሆንሽ ነው?» ተናደድሁ።

«አትቆጣ። መድኃኒትህ ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ሁለቴ ፉት ስል እንቅልፍ መጣብኝና ፈራሁ።»

«እንቅልፍ ይፈራል እንዴ?»

ከደረቷ ስልክ አወጣች። ልጇ ሰኢድ ካርቱም ሥራ ይዟል ነበር የተባልሁት። ለካ በሊቢያ መንገድ ሄዷል። ስደተኞቹ ከበረሃ የሚደውሉት ደላሎቹ ሲፈቅዱላቸው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩ ካልተነሣ ዳግመኛ ላይደውሉ ይችላሉ።

«ተኝቼ ቢደውልስ?» አለችኝ። «ልጄ እማዬ ብሎ ሲያጣኝስ?»

አስተማሪዬ፣ ቅርንጫፉን ትተህ ሥሩን አክም ይል ነበር። የዚህ ሥሩ ሊቢያ ነው፤ የት ላይ ልውጋው?

«ስልኩን ለእኔ ስጪኝ። ከጮኸ እቀሰቅስሻለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ!»

አዲስ የተፈላውን ጨልጣ ጥላው ውስጥ ካለው የጠፍር አልጋ ላይ ጋደም አለች። ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ተኛች። እኔ ጥበቃ ላይ ሆኜ ፉል ቀርቦልኝ እንኳ ስልኩን በአንድ እጄ እንደያዝሁ ነው የበላሁት። ስልኩ አልጮኸም። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነበር።

ከዚያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ ፊቷ ተመለሰ። ስሄድ ስልኩን ለጋሽ አደም አስረከብሁ።

ጎንደር

በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። አንድ አበባ ለአንዱ በዝንጅብል፣ ለሌላው ያለ ዝንጅብል መሆኑን ከመሄዴም በፊት አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት፣ በሽተኛ ሳትፈቅድ መድኃኒት እንደማይሠራላት ነው። በሳምንቱ ጋሽ አደም ደወሉ።

«ዘይነባ አልሐምዱሊላህ፣ ትተኛለች» አሉ። ቀጥለው፣ «የማልተኛው እኔ ሆኛለሁ። ለእኔስ ምን ትለኛለህ?»

በስልክ ምላስ አይታይ፣ የደም ሥር አይያዝ።

«ስልኩን አንድ ቀን እርስዎ ይጠብቁ፣ አንድ ቀን እሷ» አልኋቸው። ሌላ መድኃኒት አላውቅም።