ወንበር ልናሞቅ ሄደን

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሆላንድ፣ አምስተርዳም አጠገብ ባለችው አምስተልቨን ውስጥ የአንዲት አሮጊት ቤት አጸዳ ነበር። ሴትዮዋ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። ሙዚቃ ስል ታዲያ እስክስታ የሚያስመታውን እንዳይመስላችሁ። ፒያኖውን አንዴ ነካ ያደርጉና ዝም ይላሉ፤ እኔ ደረጃውን ወልውዬ እስክጨርስ ያቺው አንዲት ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ፒያኖው የተበላሸባቸው መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር።

አንድ ቀን አዲሱ ሥራቸው አምስተርዳም ሊቀርብ መሆኑን ነገሩኝ። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ የለም። ከዚያ በፊት ሮተርዳም ላይ ሰዉ ገና ከግማሹ እየተነሳ ወጥቶባቸዋል።

«አሁንም ከወጡብኝ እርሳሴን አስቀምጣለሁ» አሉኝ። «መንግሥት ይከፍለኛል፣ ጋዜጣ ይተቸኛል፣ የሚሰማኝ ግን የለም። ለማን ነው የምጽፈው?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ተነስተው ከሚወጡት ነበርኩ።

ግን ሰው ሲዋረድ ቆሜ ማየት አልወድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችንን የሐበሻ ሴቶች ሰበሰብኩና «ወንበር የምታሞቁ እፈልጋለሁ፤ ሳያልቅ የምትነሳ ካለች ከእኔ ጋር ተቆራረጠች» አልኳቸው። ከሁሉ ቀድመው እሺ ያሉት ሄግ፣ ላክ ሰፈር የሚኖሩት ኤርትራዊቷ እማማ ናቸው። አዲስ አበባ ኖረው አማርኛ የለመዱ፣ የማንም ልቅሶ የማያመልጣቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «ሰው ጠርታ ሰው ያጣች ሴት ታሳዝናለች፤ እንሄዳለን» አሉ።

በተባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ግማሾቻችን ከሄግ በባቡር፣ ግማሾቻችን እዚያው አምስተርዳም ካለው ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር በትራም መጥተን፣ የሐበሻ ልብሳችንን ለብሰን አንድ ረድፍ ሞላን። መድረኩ ላይ አንድ ሴሎ የሚሉት ትልቅ ቫዮሊን፣ አንድ ከበሮና አንዲት ዘፋኝ አሉ። ዘፋኟ ቃል አታወጣም። ታቃስታለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ካቆመችበት ታነሳዋለች። ሴሎው እየጎተተ ይከተላታል። ብዙም ሳይቆይ ከፊታችን የነበሩ ባልና ሚስት ካፖርታቸውን ይዘው ወጡ። ሌሎችም ተከተሉ። በጭንቀት ዞር ብዬ የእኛዎቹን ሳይ፣ እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ልክ እንደ ልቅሶ ቤት። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ዘቀዘቁ። አንዷማ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ኧረ እማማ፣ ኮንሰርት እኮ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ሰው ሞቶባታል።»

ሲያልቅ የቀረው ታዳሚ አጨበጨበ። የእኛዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ። ለልቅሶ ማን ያጨበጭባል? ሴትዮዋ ከመድረኩ ሥር ቆመው ያንን ረድፍ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አግዛለሁ ብዬ ጉድ ሠራኋቸው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይባስ ብሎ እማማ ተነስተው ሄዱና የሴትዮዋን እጅ ይዘው «እግዜር ያጥናዎት» አሉ።

«ምን አሉኝ?» አሉ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው።

ተረጎምኩላቸው። ሰው ለሞተበት የምንለው መሆኑንም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ እጃቸውን አላስለቀቁም። «ታናሽ እህቴ» አሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ሆላንዶች «የረሃብ ክረምት» በሚሉት ጊዜ ነው የሞተችው። ሁሉም የራሱን ሬሳ ይዞ ስለነበር ለእሷ ቀባሪ አልመጣም። ሴትዮዋ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር።

ያ ሙዚቃ ዛሬም ደስ አይለኝም። ግን ሙዚቃ ሁሉ ደስ ሊያሰኘን ነው የሚጻፈው ያለው ማን ነው? ሴትዮዋ እርሳሳቸውን አላስቀመጡም፤ እስኪሞቱ ድረስ የእርሳሱን ቅራፊ ከፒያኖው ሥር ስጠርግ ኖሬያለሁ።

በኮንሰርቱ ማግሥት እማማ «ልቅሶ የሚደረሰው ቤት ድረስ ተሄዶ ነው» ብለው ንፍሮ ቀቅለው፣ እኔን አስከትለው አምስተልቨን ሄዱ። ሴትዮዋ ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸው ወንበር ሳቡልን። ንፍሮውን ቆነጠሩ። ስለ ሙዚቃው ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ንፍሮው ሲጋመስ እማማ በአማርኛ ጠየቁ፤ እኔም ተረጎምኩ።

«ስሟ ማን ነበር?»

ሴትዮዋ የያዙትን ንፍሮ አስቀመጡ። ከዚያ ከአርባ ዓመት ዝምታ በኋላ የእህታቸውን ስም ጠሩና አለቀሱ። እኛም አብረን አለቀስን።