ሰማንያ ሦስት ሸማኔዎች

ሀምዲያን የሚፈልግ ሰው ሸማ ተራ መጥቶ ጋቢ መግለጥ ይኖርበታል። አክስቷ ሀያቱ የምትነግድበት ሱቅ ወርዱ ሁለት እርምጃ ነው፤ ግራና ቀኙ ከጣሪያ እስከ ወለል ነጠላና ጋቢ ተንጠልጥሎበታል። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ጀርባ፣ የክር ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምታነብ ቀጭን ልጅ አለች። እሷ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜና እሑድ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ማኔጅመንት ትማራለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ትሸጣለች። ኮምፒውተር የላትም። ያላት ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ እሱም የእሷ ብቻ አይደለም። የአክስቷ ደንበኞች የሚደውሉት በዚያው ነው።

እኔ ፊት ለፊታቸው የጥለት ክር እሸጣለሁ። ድሮ አስተማሪ ስለ ነበርኩ፣ ተራው ውስጥ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። ሀምዲያም አንድ የካቲት ቀን ሰማያዊ ደብተር ይዛ መጣች።

"ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ራሴን ልሰልል ነው" አለችኝ።

የምርምር ዘዴ የሚያስተምራቸው ይስሐቅ የሚባል ወጣት መምህር ነው። ለክፍሉ እንግዳ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በከፈቱ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ሰዓቱን፣ ምን እንደ ፈለጉ፣ ምን እንዳገኙ፣ ያገኙትንም ምን እንዳደረጉት። ያመኑት ነገር ካለ ከየት እንደ መጣ እስከ ምንጩ ይወርዳሉ። "አትዋሹ፤ ውጤት የምሰጠው ለእውነቱ ነው" ብሏቸዋል።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ደብተሩን እያመጣች ታስነብበኝ ነበር።

"ሰኞ፣ አራት ሰዓት ተኩል። የኤክስፖርት ሕግ ፈለግሁ። ደንበኛ ደወለ። ስመለስ የሠርግ ቀሚስ እያየሁ ነው። እንዴት እዚያ እንደ ደረስኩ አላውቅም። ሃያ አምስት ደቂቃ።"

"ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። አክስቴ 'ለጉንፋን ምን ይሻላል ብለሽ ጠይቂው' አለችኝ። ጠየቅሁት። ያለኝን ነገርኳት። ምንጩን አላየሁም። ጠጣችው።"

"ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት። ስድስት ገጽ ከፈትኩ። አንዱንም አልጨረስኩም። ሁሉንም 'በኋላ አነባለሁ' ብዬ አስቀመጥኩ። የተቀመጡትን ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነዋል። ካምና የቀሩም አሉ።"

"ጋሼ፣ ይቺን ልጅ እኮ አላውቃትም" አለችኝ እየሳቀች።

"የቷን?"

"እዚህ የተጻፈችውን። ቀኑን ሙሉ ስትከፍትና ስትዘጋ የምትውለውን።"

እኔም ሳቅሁ። እኛ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነበር የምንማረው። መሐል የተቀመጠው ይይዛል፤ ግራና ቀኙ አንገቱን ያሰግጋል። ከምዕራፉ በታች "ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ" የሚል ይመጣል፤ መልሱ ያው ከላይ ነው፤ እሱን ቃል በቃል መልሰን እንጽፍና ቀይ እርማት ተደርጎበት ይመለስልናል። የዚያን መጽሐፍ ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። መጽሐፉ ራሱ ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን ትዝ አይለኝም። እኔም ሳስተምር አልጠየቅሁም።

ሀምዲያ የምትኮራበት አንድ ልማድ ነበራት። ጓደኞቿ መጀመሪያ የመጣላቸውን ገጽ ገልብጠው ይሄዳሉ፤ እሷ ግን ሦስት ሳታይ አትጽፍም። "ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ የሚገዛ ገበያተኛ አይቼ አላውቅም" ትላለች። ሐሙስ ዕለት ለመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሸማ ሥራ ስትፈልግ፣ "ሰባ በመቶ የሚሆኑ ሸማኔዎች ልጆቻቸው ሙያውን እንዲወርሱ አይፈልጉም" የሚል አገኘች። ሌላ ገጽ ከፈተች፤ ሰባ በመቶ። ሦስተኛ ከፈተች፤ ሰባ በመቶ። ደስ አላት፤ ጻፈችው።

ከዚያ ግን የተራው ልጅ ናትና ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሦስት ሱቅ አንድ ዓይነት ዋጋ ከጠራ፣ ዕቃው የወረደው ከአንድ መኪና ነው። እንግዲህ እስከ መኪናው ልሂድ ብላ ወረደች። የመጀመሪያው ገጽ ከሁለተኛው ወስዷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ጽሑፍ ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ላይ ሰባው ስድሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነው። ያ ጽሑፍ ደግሞ የሚጠቅሰው ተማሪዎች ፋይል የሚለዋወጡበት ቻናል ላይ ያለ አንድ ወረቀት ነው። አወረደችው። "ከተጠየቁት አንድ መቶ ሃያ ሸማኔዎች ሰማንያ ሦስቱ..." ይላል።

ሽፋኑ ላይ የማታውቀው ሰው ስም አለ። ወደ ውስጥ ገፋ ስታደርገው ምስጋና የሚል ገጽ መጣ። "ሱቅ ውስጥ እያነበብኩ ለታገሠችኝ ለአክስቴ ለሀያቱ።"

ጩኸቷን እኔም ሰማሁት።

"ምንድነው? አይጥ ነው?" አለች አክስቷ።

"አንቺን አገኘሁሽ።"

"የት?"

"ኢንተርኔት ላይ።"

ሀያቱ ሻርፗን አጠባበቀች። "ፎቶዬን ማን አወጣው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀምዲያ አንደኛ ዓመት ሳለች አንድ መቶ ሃያ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ተባሉ። የጥምቀት ሰሞን ነበር። በዚያ ሳምንት ሸማ ተራ እንኳን ወጥቶ ሸማኔ መጠየቅ፣ ቀና ብሎ መተንፈስም የለም። ጋቢ ሊያስረክቡ የመጡ አራት ሸማኔዎችን ጠየቀች። የቀሩትን አንድ መቶ አሥራ ስድስቱን ጆንያው ላይ ተቀምጣ ፈጠረቻቸው። ሰማንያ ማለት ትታ ሰማንያ ሦስት ያለችው ሆን ብላ ነው። ድፍን ቁጥር ሰው ይጠረጥረዋል፤ ሽርፍራፊ ያለው ግን የተቆጠረ ይመስላል። ይህንን ማንም አላስተማራትም፤ "የመጨረሻ ዋጋ" ሲጠራ እየሰማች ነው ያደገችው።

በእጅ የጻፈችውን ያስተየበችው ኢዩኤል ዘንድ ነው። ኢዩኤል ከተራው ጀርባ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ይዞ የሚሠራ፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነው። የዚያኑ ዕለት ሄደች።

"ፋይሌን ለማን ሰጠኸው?"

"የትኛውን? እኔ ጋ የስንት ሰው ፋይል አለ መሰለሽ!"

"ሸማኔዎቹን።"

"እእ! እሱማ ተወዳጅ ነው" አለ ኢዩኤል ፊቱ እያበራ። "አንዷ መጣች፤ 'ስለ ባህል ልብስ የተሠራ ጥናት አለ?' አለችኝ። የለም ልበላት? አንቺ ሱቅ ጋቢ ሲጠየቅ የለም ትያለሽ? ከጎረቤት ሮጠሽ አታመጪም?"

"ቁጥሩ እኮ ውሸት ነው ኢዩኤል።"

"ታዲያ እኔ ጻፍኩት? እኔ ታይፕ ነው ያደረግሁት።"

"አጥፋው በቃ።"

"ከእኔ ላይ አጠፋዋለሁ፤ ምን ችግር አለው? የተሸጠ ነጠላ ግን ከሰው ትከሻ ላይ አይገፈፍም፣ የኔ እህት።"

ዓርብ ደብተሩን አመጣችልኝ። ሐሙስ የሚለው ሦስት ገጽ ሆኗል፤ ሁሉንም ጽፋዋለች፣ አራቱን ሸማኔዎች፣ ጆንያውን፣ ምስጋናውን። አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ ልቅደደው?"

"ብትቀጅው ምን ይሆናል?"

"ምንም። አልፋለሁ።"

"ካልቀደድሽውስ?"

"የአንደኛ ዓመቱ ውጤቴ ይሰረዛል። ምናልባትም ያባርሩኛል። ሦስት ዓመት እኮ ነው ጋሼ።" ደብተሩን በጣቷ እየነካች፣ "'አትዋሹ' ብሎ ደግሞ የጠየቀኝ እሱ ነው። ደብተሩ ራሱ ወጥመድ ሆነብኝ።"

አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን "እውነቱን ተናገሩ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ደብተሩን አጥፌ መለስኩላት። መናገሩ ለእኔ ቀላል ነው፤ የሚሰረዝብኝ ውጤት የለም። "እኔም አላውቅም ልጄ" አልኳት። ደብተሩን ጉያዋ ከታ ወደ ጋቢዎቹ ተመለሰች። ቅዳሜ ሳትቀድ አስረከበችው።

በሳምንቱ መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀራት። የሆነውን እንደ ነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ሐሙስ ላይ ተከፍቶ ነበር።

"ይህን ለማን አሳየሽ?" አላት።

"ለጎረቤታችን ለጋሼ ሀብተ ወልድ ብቻ።"

"ቁጥሩ ያንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሌላ ሰውም ጠይቆ ሰማንያ ሦስት ሊያገኝ ይችላል።"

"ቲቸር፣ አክስቴ ውስጡ አለች።"

ይስሐቅ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን ባለፈው ወር አስረክቧል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ "ሰባ በመቶ ገደማ" የሚል አለ።

"ሦስት ቦታ አይቼው ነው ያመንኩት" አለ።

"እኔም ሦስት ቦታ ነው ያየሁት።"

"አሁን ጽሑፌ ገምጋሚዎች እጅ ነው። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ አንቺም እኔም አብረን እንወጣለን።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚኝ ሀምዲያ፣ የቀረው ሥራሽ ጥሩ ነው። ከክፍሉ የተሻለ ነው። ሐሙስን ብቻ ቀይሪው። መብራት አልነበረም በይ። መርካቶ መብራት ጠፋ ቢባል ማን ይጠረጥራል?"

ደብተሩን መልሶ አንድ ሳምንት ሰጣት።

ያን ሳምንት ያየሁባትን መልክ ሌላ ጊዜ አላየሁባትም። አዲስ ደብተር ገዛች። ሰኞን ገለበጠች፤ ማክሰኞን ገለበጠች፤ ረቡዕን ገለበጠች። "ሐሙስ" ብላ ጽፋ ቆመች። ስልኩ ይጮኻል፤ ታነሣለች፤ "አዎ አለ፣ ምን ያህል ፍሬ?" ትላለች፤ ትመለሳለች፤ "ሐሙስ" እንደ ቆመ ነው። ከውጭ ገበያተኛው ይተራመሳል፣ ተሸካሚው "ዞር በሉ!" እያለ ያልፋል፣ እሷ በሁለት እርምጃ ሱቅ ውስጥ በሁለት ቃል፣ በ"መብራት አልነበረም" ታግታለች።

"ጻፊና ገላግይን" አለቻት አክስቷ። "አንድ ቀን መብራት ባይኖር ዓለም ምን ይሆናል?"

"ውሸቱ ራሱ እኮ አይረባም አክስቴ። ስልኬ የሚሠራው በባትሪ ነው።"

"እንግዲያው ባትሪም አልቆ ነበር በይ! አንቺ ደግሞ! መቶ አሥራ ስድስት ሰው የፈጠረች ልጅ አንድ ሐሙስ አቃታት?"

ሀያቱ ለቀልድ ነው ያለችው። ሀምዲያ ግን እንባዋ መጣ። አክስቷ ደንግጣ መስቀያው ላይ የነበረውን ነጠላ ጎትታ ፊቷን ጠረገችላት፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሣችም።

ቅዳሜ ሀምዲያ ይስሐቅ ፊት ቆመች። ያስቀመጠችለት ሰማያዊውን፣ የቀድሞውን ደብተር ነው።

"ቲቸር፣ ሐሙስ መብራት ነበር" አለችው።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት እንደ ነበር ነግራኛለች። ደብተሩን ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ቆለፈው፤ "እስቲ እናያለን" አለ። ውጤት ሲለጠፍ ከሁሉም ስም ትይዩ አንድ ፊደል ነበረ፤ ከእሷ ትይዩ አጭር ጭረት። አልወደቀችም፤ አላለፈችም። ያ ጭረት እስካልተነሣ ድረስ ለመመረቂያ ጽሑፍ መመዝገብ አትችልም። አብራት የተማረችው ቲና ተመዝግባለች። ሀምዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ትጠይቃለች፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ "እያየሁት ነው" ይላታል፤ ፊቷን ግን አያይም። ይህ እንግዲህ ሦስት ወር ሆነው።

ሐሙስ ላይ የቆመውን አዲሱን ደብተር አልጣለችውም። ጋቢ ሊያስረክብ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ትጠይቅበታለች፤ ከሱቅ መውጣት ስለማትችል የሚመጣላትን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱም ተራ ቁጥር ትሰጣለች። ባለፈው ማክሰኞ ከሽሮ ሜዳ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ጠቅልለው ያመጡትን ሲፈቱ፣

"አባባ፣ ልጅዎ ይህን ሥራ እንዲወርስ ይፈልጋሉ?" አለቻቸው።

"ማን ጠይቂ አለሽ?"

"ማንም።"

ሽማግሌው የጋቢውን ጫፍ እያስተካከሉ አሰቡ። "በዓል ሲቃረብ እፈልጋለሁ። ክረምት ሲገባ አልፈልግም። የቱ ላይ ልትጽፊኝ ነው?"

ሀምዲያ ደብተሩን አየችው። ያሰመረችው "ይፈልጋል" እና "አይፈልግም" የሚሉ ሁለት ዐምዶች ነው። ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ሀያቱ ከደጅ "ልጅቷ፣ አንሺው እንጂ!" አለች። አላነሣችም። መሥመሮቹን አቋርጣ ሽማግሌው ያሉትን ከበዓሉ እስከ ክረምቱ ጻፈችው፣ ከጎኑም ዘጠኝ የሚል ቁጥር አደረገች።