ለስፖርት መምህር ምን ተብሎ ይለቀሳል?

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ብከፍት የሺ ናት... ከነማቋ፣ ጸጉሯን ተላጭታ።

የሺን አርብ ገበያ ላይ የማያውቃት የለም። አልቃሽ ናት። ገበሬ ሲሞት በሬውንና ሞፈሩን ታነሣለች፤ ቄስ ሲሞት ቅዳሴውን ታነሣለች። እርሷ ሙሾ ካወረደች ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል።

ከወር በፊት ግን የገዛ ልጇ ሞተባት። አንዳርጌ ይባላል፤ ሌላ ልጅ የላትም። እዚሁ የስፖርት መምህር ነበር። ከደብረ ታቦር ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

በቀብሩ ዕለት እንደ ደንባችን የሟቹ ዕቃ ለለቀስተኛው ወጣ። ገበሬ ቢሆን ጅራፉ፣ ወታደር ቢሆን ጠመንጃው ይወጣ ነበር። የአንዳርጌ ግን ፊሽካ፣ ኳስ፣ መረብና ሯጮች የሚቀባበሉት አጭር ዱላ ሆነ። የሺ ዕቃውን አየችው... አየችው... አንድ ቃል አልወጣትም። ሴቶቹ «ለሰው ልጅ ስታወርደው ኖራ ለልጇ ነጠፈባት» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እትዬ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ፣ «እርስዎ በመምህርነትዎ ዘመን ጨዋታውንም ያስተምሩ ነበር አሉ።»

«ያኔ መምህር የሚባል ሁሉንም ያስተምር ነበር።»

«እንግዲያ ያስተምሩኝ። እሑድ አርባው ነው። ልጄ ምን ይሠራ እንደ ነበር አላውቅም። ምን ብዬ ላልቅሰው?»

ምኞቷ ልጇ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ገብቶ ድጓ እንዲዘልቅላት ነበር። ኳስ ይዞ በመጣ ጊዜ አኮረፈችው። አርብ አርብ ከገበያው ዳር ካለው ሜዳ ተማሪዎቹን ሲያወዳድር፣ እርሷ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ገብሷን ትሸጥ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

እኔ ነገር በግማሽ ማስተማር አልወድም። ከእግር ኳስ ጀመርሁ።

«ኳሱን በእጁ የሚይዝ በረኛው ብቻ ነው። ሌላው በእጁ ከነካ ጥፋት ነው።»

«በረኛው ምን ስለሆነ?»

«ጠባቂ ስለሆነ።»

«እናት ናት በሉኛ!» አለች። ማቋን ሳብ አደረገችና... «እኔስ መቼ ጠበቅሁት።»

ቶሎ ወደ መረብ ኳስ ዞርሁ። ልብስ የማሰጣበትን ገመድ አሳየኋት። «ይህ መረቡ ነው እንበል። ኳሷ በእኛ በኩል መሬት ከነካች ነጥቡ የወዲያኞቹ ነው። ይዞ ማቆየት ደግሞ ክልክል ነው።»

«አትያዝ፣ አትውደቅ... ታዲያ ምን ያድርጓት?»

«ያቀብሏታል።»

«ኧረ ይኼስ የጭንቅ ጨዋታ ነው!»

ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ዱላ ቅብብሉ ግን በቃል አልሆነም። ከማገዶው ቁራጭ እንጨት አነሣሁና ግቢው ውስጥ ከፊቴ አቆምኋት። «ሰጪ ከኋላ ይመጣል፤ ተቀባይ ከፊት ነው። ተቀባይ እየሮጠ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል እንጂ አይዞርም። ሰጪውን ያምናል።»

ዞረች።

«አትዙሪ አልሁሽ! እንደገና።»

አሁንም ዞረች።

«እንደገና!»

ጎረቤታችን ቄሱ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩንና ቆሙ። «ምነው እናንተ! በኀዘን ላይ የምን ጨዋታ ነው?»

«ሩጫ እየተማርሁ ነው፣ አባ» አለች የሺ። «ይፍቱኝ።»

መስቀላቸውን በአጥሩ ላይ ዘርግተው አሳለሟትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ ሳትዞር ተቀበለች። እንጨቱን ይዛ ቆመችና ጠየቀችኝ።

«ሰጪውስ? ከሰጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል?»

«ይቆማል። ድርሻውን ጨርሷል። የሚቀጥለው ተቀባዩ ነው።»

እንጨቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ታዲያ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፣ ልጄ እንዲቀጥል» አለች። ትምህርታችን በዚያው አበቃ።

ትናንት አርባው ዋለ። በእኛ ዘንድ ለቀብር ያልደረሰ የሩቅ ዘመድ ስለሚመጣ ለቅሶው ከነዕቃው እንደገና ይወጣል። የአንዳርጌ ተማሪዎችም ሲወዳደሩ የሚለብሱትን ማሊያ ለብሰው መጥተዋል። አንድ ጥግ ተጠጋግተው ቆሙ... እንደ ትልቅ ሰው ማልቀስም አልቻሉበት፣ መሄድም አልሆነላቸው።

«ለቅሶ እንዲህ ተለብሶ ይመጣል?» አሉ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ።

የሺ ተነሣች። ፊሽካውን አለፈችው፣ ኳሱን አለፈችው፣ አጭሩን ዱላ አነሣች። እነዚያ የተንሾካሾኩት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። እኔ ደግሞ ተማሪዋን ለፈተና እንዳቀረበ መምህር ልቤ ይመታል። ከዚያ ያ የምናውቀው ድምፅዋ ወጣ።

«ሰጪ እኔ እናቱ ከኋላው እያለሁ፣
ዱላውን ከልጄ ዞሬ ተቀበልሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «የምን ዱላ ነው የምትለው?»

ሳልመልስላቸው ከዚያ ጥግ ጩኸት ተነሣ። ተማሪዎቹ ናቸው። ማንም ሳያስረዳቸው ገብቷቸዋል። አንዷ ረጅም ሯጭ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች። የሺም ዱላውን እንደ ያዘች ሄዳ መካከላቸው ቆመች፤ ያንኑ ግጥም ደጋገመችው። ነገሩ ያልገባቸው ሽማግሌም ልጆቹን አይተው አለቀሱ።

ተቀባይ አይዞርም ብዬ አስተምሬያት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስሕተት ሰምቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም... ትናንት አለፍሁ።